ፊሽካ ያልተነፋበት ጨዋታ

ኢብቲሳም ኑርሁሴን ኳስ መቀበል የተማረችው ከብርቱካን ነው። አባቷ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ ብርቱካንና ማንጎ የሞላበት እርሻ አላቸው። በለቀማ ጊዜ ወንድሞቿ ዛፍ ላይ ሆነው ይወረውራሉ፤ እሷ ከታች ሁለት እጇን ገጥማ ትቀበላለች። መሬት የነካ ብርቱካን ይፈርጣል፤ የፈረጠ ደግሞ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ ገና በስምንት ዓመቷ የሚወድቅ ነገር የት እንደሚያርፍ ቀድማ ታውቅ ነበር። ቅጠሉ ውስጥ የሚንኮሻኮሸውን ሰምታ፣ ጥላው መሬት ላይ ሲያልፍ አይታ፣ ሳትቸኩል ሄዳ ከስሩ ትቆማለች።

በ2011 ዓመተ ምህረት ወልድያ ኮሌጅ ገባች። መምህርት ልትሆን ነበር ሐሳቧ። አንድ ከሰዓት በኋላ በመረብ ኳስ ሜዳው ጥግ ስታልፍ አንዲት ኳስ ከአጥሩ በላይ ተስፈንጥራ መጣች። ኢብቲሳም ደብተሯን በብብቷ እንደያዘች ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄደችና ኳሷን በክንዷ ተቀብላ ቀስ ብላ ወደ ሜዳው መለሰቻት።

አሰልጣኙ ጋሽ አዳነ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ብርቱካን» አለች፤ ሌላ መልስ ስላልመጣላት።

ሜዳው በሳቅ ሞላ። በማግስቱ ግን ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ እጅጌ ረጅም ሹራብ ለብሳ ከተጫዋቾቹ ጋር ተሰለፈች። ቦታዋ ከኋላ ሆነ። መምታት አልተሰጣትም፤ ቁመቷም አይፈቅድላትም። የእሷ ሥራ ከወዲያ ማዶ የተመታውን መሬት ሳይነካ ማንሳት ነበር።

የዚያን ዓመት አምበል ሸዋዬ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። የሸዋዬ ድምፅ ከአጥሩ አልፎ መንገድ ላይ ያለ የባጃጅ ሾፌር ያስደነግጣል። «ተነሺ! ምን ተጋድመሽ ሰማይ ታያለሽ? ተነሺ!» ትላለች። ኢብቲሳም ትፈራታለች፤ ትወዳታለችም። ሸዋዬ ስትጮህ የኢብቲሳም እግር ሳታስበው ይሮጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሪ ሲባል ጆሮዋ ላይ የሚመጣላት ያ ድምፅ ብቻ ሆነ።

ዓመታት አለፉ። ወረርሽኙ መጣ፤ ኮሌጁ ተዘጋ፤ ተከፈተ። ለሦስት ዓመት የተባለው ትምህርት እየተንጠባጠበ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በነሐሴ 2013፣ ጦርነቱ ወልድያ ደረሰ።

ያንን ቀን ሌላው ሰው ሲያስታውስ ድምፁን ነው የሚያወራው። ኢብቲሳም የምታስታውሰው ዝምታውን ነው። መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ በግ የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለች፤ ግን ማንም አይናገርም። የእግር ኮቴ ብቻ። ሲሪንቃ ስትደርስ ፀሐይ ከደመናው ወጣች። የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ማሽላ በየመደቡ ቆሞ፣ በየመደቡ ራስ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ተተክሎ አየች። አንድ ሽማግሌ ከመደቦቹ አጠገብ ተቀምጠው ቁጥሮቹን እየጮሁ ያነባሉ፤ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት። ለምን እንደሚያነቡ የጠየቃቸው የለም። እሷም አብራ ቆማ እስከ ሃያ ሁለት ሰማችና መንገዷን ቀጠለች። ያ ነገር በእውን ይሁን በእንቅልፍ ልቧ ኋላ ላይ እርግጠኛ መሆን አቃታት።

መርሳ አባቷ ቤት ገባች። ጦርነቱም ተከትሏት ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ወራት መብራት የለ፣ ስልክ የለ፣ ገበያ የለ፤ ቀኑ ከቀን አይለይም። እርሻው ውስጥ፣ ዛፎቹ ስር ተቀምጣ ትውላለች። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሉ ላይ ብርሃን ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ሲከደን ሜዳው ይመጣል። መስመሩ ነጭ ነው፤ ልጆቹ በየቦታቸው ቆመዋል፤ ኳሷ ወደ ላይ ተወርውራ ትቀራለች፤ አትወርድም። ኢብቲሳም እጇን ገጥማ ትጠብቃለች። ነቅታ ስታይ እጇ በእርግጥም ተገጥሞ ጭኗ ላይ ነው።

አባቷ አንድ ቀን ይህን አይተው አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ?»

«ምንም፣ አባዬ።»

«እጅሽ እንዲያ አይልም።» የተገጠመ እጇን በእጃቸው ሸፈኑት። «አላህ ካለ ትመለሻለሽ። ግን ስትመለሺ ያንን ትተሽው የመጣሽውን ቦታ አታገኚውም። ይህን ልብሽ ይወቀው።»

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ የካቲት ላይ ኮሌጁ ተማሪዎቹን ጠራ።

አባቷ እንዳሉት ነበር። በሮቹ ተገንጥለዋል፤ ወንበሮቹ የሉም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ገጾች እንደ ቅጠል ተበትነዋል። የመረብ ኳስ ሜዳው ሁለት ምሰሶዎች ቆመው አሉ፤ መረቡ ግን የለም። ሜዳው ላይ ሣር በቅሎ፣ በሣሩ መሐል ቢጫ አበባ ፈንጥቆ፣ አንዲት ላም ትግጣለች። ኢብቲሳም ላሟን አላባረረቻትም። ግጣ እስክትጨርስ ቆማ አየቻት።

ከአሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች የተመለሱት ስምንት ናቸው። ከኢብቲሳም ጋር የገቡት ሁሉ ወይ ሌላ ከተማ ቀርተዋል፣ ወይ ትምህርቱን ትተውታል። ጋሽ አዳነ አንዲት ኳስ በፌስታል ይዘው መጡ። ባለቤታቸው የበርበሬ ጆንያ ውስጥ ደብቃ ያተረፈቻት ናት። ኳሷን የነካ ሁሉ ያስነጥሰዋል። ልጆቹ እየተቀባበሉ አስነጠሱ፤ ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

«ኢብቲሳም» አሉ ጋሽ አዳነ፣ ለብቻዋ ወስደዋት። «አምበሏ አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ጋሽ አዳነ፣ እኔ እኮ ነጥብ አስቆጥሬ አላውቅም። ብርሃኔ አለች፣ ትዕግስት አለች…»

«እነሱ የሚያውቁት አንድ ዓመት ነው። ይህ ቡድን ደህና ሳለ ምን ይመስል እንደነበር የምታውቂ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው። እኔም አላስታውሰው ይሆናል» አሉና ፊታቸውን ወደ ምሰሶዎቹ አዞሩ።

መረብ አልነበረምና መጀመሪያ መረብ ሠሩ። ከመናኸሪያ የጭነት ገመድ ለምነው አመጡ፤ ፈትተው ቀጫጭን አደረጉት፤ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ይቋጥሩ ጀመር። አንድ ሳምንት ፈጀባቸው። ኢብቲሳም ከሁሉ ይልቅ ያንን ሳምንት ትወደው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከተራራው ጋር ስትቀራረብ ጣቶቻቸው ላይ ወርቃማ ብርሃን ይወርዳል፤ ገመዱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። አንዷ ሐራ ከተማ ዘመድ ቤት እንደከረመች፣ ሌላዋ ዋሻ ውስጥ እንዳደረች ታወራለች። ትዕግስት ግን አታወራም። ኳስ ለመቺዎች የምታነሳው እሷ ነበረች፤ ረጅም ጣት፣ ፈጣን ዓይን ያላት የወልድያ ልጅ። ቋጠሮዋ ከሁሉ ያምራል፤ ቃል ግን አይወጣትም። ስሟ ሲጠራ ቀና ትላለች፤ ሲጠይቋት ራሷን ትነቀንቃለች፤ በቃ።

መረቡ ተሰቀለ። የመጀመሪያው ልምምድ ቀን ኢብቲሳም ሌሊቱን ያሰበችበትን ነገር ለማድረግ ወሰነች። ሸዋዬን ልትሆን ነው። ጋሽ አዳነ ፊሽካ ነፉ፤ ኳሷ ተወረወረች፤ ትዕግስት አንድ እርምጃ ዘገየች።

«ተነሺ! ምን ትጠብቂያለሽ? ተነሺ እንጂ!» ብላ ኢብቲሳም በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች።

ጋሽ አዳነም በዚያው ቅጽበት ፊሽካውን ደገሙት።

ትዕግስት መሬት ላይ ወደቀች። ማንም አልነካትም። ጉልበቷን ደረቷ ላይ አጥፋ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ ፊቷን ሣሩ ውስጥ ቀበረች። ኳሷ ጀርባዋ ላይ ነጥራ ተንከባለለች። ሰባቱም ልጆች ባሉበት ቆሙ። ኢብቲሳም የገዛ ድምፅዋ አጥሩን አልፎ ሲሄድ የሰማችው መሰላት፤ ልትመልሰው ግን አልቻለችም።

በማግስቱ ወደ ትዕግስት ቤት ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ዘነበች በር ላይ ተቀበሏት። የቤቱ አንደኛው ግድግዳ በአዲስ ጭቃ ተመርጓል፤ ገና አልደረቀም።

«እንደምን አሉ፣ እትዬ ዘነበች? ትዕግስትን ልጠይቅ ነው።»

«ግቢ፣ ልጄ። ተኝታለች። ቀን ቀን ትተኛለች።» በርጩማ ሰጧትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከባድ መሣሪያ ሲወረወር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ከሩቅ።»

«ከቅርብ ሲሆን ያፏጫል። ከመውደቁ በፊት ያፏጫል። ሦስት ቀን አልጋ ስር ሆነን ያንን ፉጨት ስንቆጥር ሰነበትን። ያኛው ግድግዳ የሄደ ዕለት፣ ፉጨቱን ስሰማ እኔ ነኝ የጮህኩት። ‹ተነሺ፣ ውጪ› ብዬ። ተነሥታ ወጣች፤ ታናሽ ወንድሟ አልደረሰም።» እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። «እኔን አትወቅሰኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው አትወድም። ራሷም አትናገርም።»

ኢብቲሳም እርጥቡን ግድግዳ አየች። ከዚያ «እኔም ጮህኩባት» አለች። «‹ተነሺ› ብዬ።»

«አላወቅሽም።»

«አላወቅኩም፤ ግን ማወቅ የእኔ ሥራ ነበር።»

ከወይዘሮ ዘነበች ቤት ስትወጣ ወዲያው ወደ ኮሌጁ አልሄደችም። ገበያውን አቋርጣ፣ መንገዱን ይዛ ዝም ብላ ተራመደች። ሰማዩ ቀለል ያለ ሰማያዊ ነበር፤ ከጣሪያ በላይ ርግቦች ይዞራሉ። አባቷ እርሻ ላይ ከዛፍ የሚወረውሩት ወንድሞቿ ጮኸውባት ያውቁ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች። አያውቁም። «ኢብቱ» ይሏታል በለሆሳስ፤ እሷ ቀና ትላለች፤ ብርቱካኑ ይመጣል። ይኸው ነበር።

ጋሽ አዳነን ቢሯቸው አገኘቻቸው።

«ፊሽካ አይነፋ» አለቻቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ልምምድ ላይ። ፊሽካም፣ ጩኸትም አይኑር። በእጅ ምልክት ይስጡን። ሌላውን እኔ እሠራዋለሁ።»

«ያለ ድምፅ መረብ ኳስ የት ታይቶ ያውቃል? ኳስ ለማን እንደሆነ ካልተጠራራችሁ ትጋጫላችሁ።»

«እንጋጭ፣ ጋሽ አዳነ።»

ትዕግስት በሳምንቱ ስትመለስ ሰባቱ ልጆች ሣሩ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጫማቸውን አውልቀዋል። ኢብቲሳም ቦታ አሳየቻትና ኳሷን በመሬት ላይ አንከባለለችላት። ትዕግስት ተቀብላ ለብርሃኔ አንከባለለች። ያን ቀን ሌላ ነገር አልሠሩም። በማግስቱም እንዲሁ። ኳሷ ክቡ ውስጥ ቀስ እያለች ትዞራለች፤ ሣሩ ይንሿሿል፤ የምሽቱ ነፋስ ከተራራው ይወርዳል። ጋሽ አዳነ በአጥሩ ጥግ ቆመው እጃቸውን አጣምረው ያያሉ።

«ይሄ ልምምድ ነው ወይስ ጸሎት?» አሉ በሦስተኛው ቀን።

«ሁለቱም ቢሆን ምን ይጎዳናል?» አለች ብርሃኔ፤ ብርሃኔ ቀልደኛ ነበረች።

በሁለተኛው ሳምንት ተንበርክከው ተወራወሩ። በሦስተኛው ቆሙ። ኳስ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ራሱ ያስፈራ ነበርና፣ መጀመሪያ በጣት ብቻ፣ ከዚያ በመዳፍ፣ ከዚያ በክንድ። ትዕግስት ትከሻዋ እንደሚንቀጠቀጥ ኢብቲሳም ከኋላ ታያለች። የተንቀጠቀጠ ቀን ወደ ተቀመጡበት ይመለሳሉ፤ ለምን እንደተመለሱ ማንም አይናገርም። የኢብቲሳም ትእዛዝ ከሹክሹክታ አይበልጥም። ኳሷ ወደ ላይ ስትሄድ የምታነሳትን ልጅ ስም ዝቅ ባለ ድምፅ ትጠራለች፤ «ብርሃኔ»፣ «ትዕግስት»፣ «ብርሃኔ»። ኳሷ የት እንደምታርፍ ቀድማ ስለምታውቅ ስሙ ሁልጊዜ ከኳሷ በፊት ይደርሳል። ልጆቹም ቀስ በቀስ ለዚያ ድምፅ ጆሯቸውን ሰጡ። ከውጭ ላየ ስምንት ልጆች በጭጋግ ውስጥ የሚዋኙ ይመስሉ ነበር። በአጥሩ የሚያልፉ ተማሪዎች ሳይታወቃቸው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

ግንቦት ላይ ከመርሳ ሴቶች ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ተያዘ። በሚኒባስ ሲወርዱ ኢብቲሳም መስኮት ጋ ተቀምጣ የሸሸችበትን መንገድ አየችው። ሲሪንቃ ላይ ገበሬዎች ማሳ ያለሰልሳሉ፤ መንገዱ ዳር ልጆች በቆሎ ጠብሰው ይሸጣሉ። ሁሉ ነገር በቦታው ያለ ይመስላል፤ እንደገና የተሳለ ሥዕል ዓይነት።

መርሳ ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። አባቷ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ዛፍ ጥላ ስር ቆመዋል። ዳኛው ሞላ የሚባል ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። ኢብቲሳም ያንን ፊሽካ አየችው። ቀጥ ብላ ወደ ዳኛው ሄደች።

«ወንድሜ ሞላ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ፊሽካውን አትንፋው።»

ሞላ የምትቀልድበት መሰለው። «ዳኛ ያለ ፊሽካ? ደንቡ አይፈቅድም እኮ።»

«ወዳጅነት ነው። ነጥብ በእጅህ አሳይ። ሰንደቅ ካለህ አውለብልብ። እኛ አናጭበረብርም።»

«ለምን ብዬ?»

ኢብቲሳም ዞር ብላ አየች። ትዕግስት ሃያ እርምጃ ርቃ ጫማዋን ታስራለች። የሷን ነገር በሰው ፊት መዘርዘር አልፈለገችም። ይህን ጊዜ የመርሳ ቡድን አምበል ሁሪያ መጣች፤ ሰፊ ትከሻ፣ ጸጥ ያለ ፊት ያላት ልጅ። ንግግራቸውን ሰምታለች።

«አትንፋው፣ ሞላ» አለች። «እኛም ጋ ሁለት አሉ። ወላሂ እኔ ልነግርህ አፍሬ ነው እንጂ።»

ሁለቱ አምበሎች ተያዩ። ሞላ ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀና ኪሱ ከተተ፤ ከአንድ ተመልካች ነጭ መሐረብ ተዋሰ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሕዝቡ መጀመሪያ ያጨበጭብ፣ ይጮህ ነበር። ከጥቂት ነጥብ በኋላ ግን ሜዳው ውስጥ ያለው ዝምታ ወደ ውጭ መፍሰስ ጀመረ። ሽማግሌዎች ወሬያቸውን ቀነሱ፤ ልጆች ተቀመጡ። የሚሰማው የእግር መንሸራተት፣ የኳስ መነካት፣ የኢብቲሳም ዝቅ ያለ ጥሪ ብቻ ሆነ። መሐረቡ አየር ላይ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል። ከወንዙ በኩል የሚመጣው ነፋስ የማንጎ ሽታ ይዟል። ኢብቲሳም ኳሷ ስትመጣ እጅግ ቀስ ብላ የምትመጣ መሰላት፤ ስፌቷን፣ ስፌቷ ላይ የቀረውን ቀይ የበርበሬ ትቢያ ሳይቀር አየች። በዕድሜዋ እንደዚያ ተጫውታ አታውቅም።

አንዱን ዙር ወልድያዎች፣ አንዱን መርሳዎች ወሰዱ። ሦስተኛው እስከ አሥራ አምስት ነው። አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሲሆኑ ኢብቲሳም አንድ ነገር ገባት። አምስቱም ልጆች የሚሰሙት እሷን ነው። ስም ካልጠራች አንዳቸውም አይነኩም። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ትመረቃለች፤ እሷ የለችም።

እጇን ወደ ጋሽ አዳነ አነሳችና ወንበር ላይ ወዳለችው፣ በቅርቡ ወደ ቡድኑ ወደገባችው የመጀመሪያ ዓመት ልጅ አመለከተች። ጋሽ አዳነ ዓይናቸው ፈጠጠ።

«አሁን? ታመምሽ?»

«ደህና ነኝ። እሷ ትግባ።»

«አሁን ከወጣሽ ተሸነፍን እኮ፣ ልጄ!»

«አውቃለሁ» አለችና ወጥታ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጭኗ ስር አደረገች።

የመጀመሪያዋ ኳስ በትዕግስትና በአዲሷ ልጅ መካከል ወደቀች። ሁለቱም ስማቸው እስኪጠራ ጠብቀው ነበር። ትዕግስት ዞራ ወንበሩን አየች። ኢብቲሳም ከንፈሯን ነከሰች፤ አልተናገረችም። አንድ ቃል ብትል ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያንን ቃል ከመዋጥ የከበደ ነገር ሜዳ ላይ ሠርታ አታውቅም።

ሁለተኛዋ ኳስ ከፍ ብላ መጣች። ፀሐይዋን ለአንድ አፍታ ሸፈነቻት። ሦስት ልጆች ቀና አሉ፤ ሦስቱም ቆሙ።

«የኔ!»

ድምፁ የሻከረ፣ ለብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ በር ዓይነት ድምፅ ነበር። መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ያወቀ የለም። ትዕግስት ግን ከኳሷ ስር ደርሳ፣ ጣቶቿን ዘርግታ ለብርሃኔ አነሳችላት። ብርሃኔ ለመምታት ዘለለች፤ እያለቀሰች ስለነበር መረቡን መታች። ነጥቡ ለመርሳ ሆነ። ማንም ግድ አላለውም። ትዕግስት በሚቀጥለውም «የኔ!» አለች፤ ከዚያ «ብርሃኔ!» አለች፤ ከዚያ አዲሷን ልጅ በስሟ ጠራች። አሥራ አምስት ለአሥራ ሦስት ተሸነፉ። ኢብቲሳም ሜዳው ውስጥ ስትገባ ትዕግስት መጣችና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ለምን ወጣሽ?» አለቻት። ከጦርነቱ ወዲህ ለኢብቲሳም የተናገረችው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር፤ ቁጣም ነበረበት።

«ድምፅሽን ከውጭ ልስማው ብዬ» አለች ኢብቲሳም። ልትስቅ ነበር ያሰበችው፤ አልሆነላትም።

ሐምሌ ላይ ተመረቀች። አባቷ አዲስ ጥምጣም ጠምጥመው መጡ። ጋሽ አዳነ ለአምበልነት ቦታ ማንን እንደምትመክር ሲጠይቋት «እነሱ ይምረጡ» አለች።

ነሐሴ 2014 ላይ ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ከቆቦ በኩል የሚወርደው ሰው ወልድያን ሞላት፤ ወልድያም በተራዋ ወደ ደቡብ ጎረፈች። ኢብቲሳም መርሳ አባቷ ቤት ነበረች። የሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በዝናቡ መሐል የእርሻው በር ተንኳኳ። ከፍታ ስታይ ብርሃኔ ናት፤ በፕላስቲክ ራሷን ሸፍናለች። ከኋላዋ ሌላ ልጅ። ከሌላዋ ኋላ ደግሞ ትዕግስት፣ ወይዘሮ ዘነበችን በክንዷ ደግፋ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ኢብቱ» አለች ብርሃኔ፤ ክርስቲያን ብትሆንም ቤቱን አክብራ። «ተበትነን ነበር። ትዕግስት በየቤቱ ዞራ ሰበሰበችን። ‹የት ነው የምንሄደው?› ስንላት ‹አውቃለሁ› አለች።»

እስከ ምሽት ስድስት ልጆች ደረሱ። አባቷ ጎተራውን አስጠርገው ሰሌን አስነጠፉ፤ ወይዘሮ ዘነበችን በራሳቸው አልጋ ላይ አስተኙ። ለወንድሞቿም «እንግዳ አይደሉም፤ ውኃ ቅዱ» አሏቸው። ያኔ ጦርነቱ መርሳ አልደረሰም። ይደርሳል እየተባለ፣ ዛሬ ነገ እየተባለ፣ ቀናት አለፉ። ኢብቲሳም ሦስት ቀን አልተኛችም። ማን በላ፣ ማን አልበላ፣ መንገዱ ላይ ምን ተሰማ እያለች ትዞራለች።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ አባራ። ልጆቹ ልብሳቸውን ወንዝ አጥበው በብርቱካኖቹ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት፤ እርሻው በቀለም ሞላ። ኢብቲሳም ለትንሽ አረፍ ልበል ብላ ዛፍ ስር ጋደም አለች። መሬቱ ሞቃት ነበር፤ እርጥብ ቅጠል ይሸታል። ዓይኗን ስትከድን ድምፃቸው ቀረብ ብሎ ይሰማታል።

«መስከረም ላይ ከተከፈተ ከኋላ ማን ይቆማል?» አለች ብርሃኔ።

«አዲሷ ልጅ ትችላለች» አለች ትዕግስት። «ግን እግሯን ማንሳት አለባት። እኔ አሠራታለሁ።»

«ጋሽ አዳነ ፊሽካቸውን መልሰው ይነፉ ይሆን?»

ትዕግስት ጥቂት አሰበች። «መጀመሪያ እንጠይቃቸው። ቀስ ብለው ከነፉ እችለዋለሁ ብዬ አስባለሁ። አልቻልኩም ካልኩ ያቆማሉ።»

ኢብቲሳም አንድ ነገር ልትል አሰበች። አዲሷ ልጅ የግራ እግሯን እንደምታስቀድም፣ ያ መስተካከል እንዳለበት ታውቃለች። አፏን ልትከፍት ስትል እንቅልፉ ከየትኛው በኩል እንደመጣ ሳታውቀው ደረሰባት። ጣፋጭ ነበር። ትዕግስት «ሽሽ፣ ተኝታለች» ስትል ሰማች፤ ወይም የሰማች መሰላት፤ ከዚያ እግሮች በሣሩ ላይ ቀስ ብለው ራቅ አሉ።